የማታ ማስተርስ በስነ ተዋልዶ ጤና፦ ክፍያው ያዋጣል ወይ?

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን በስነ ተዋልዶ ጤና እየተማርኩ ነው። ስሙን አልጠራም።

ትምህርቱ አሪፍ ነው። በተለይ እናቶች በወሊድ ለምን እንደሚሞቱ የሚያስረዳው «ሦስቱ መዘግየቶች»። እናት ለመሄድ እስክትወስን ትዘገያለች፣ ጤና ተቋም እስክትደርስ ትዘገያለች፣ ደርሳም ተገቢውን ሕክምና እስክታገኝ ትዘገያለች። መምህሩ ሦስተኛው ላይ ቆም ብሎ «ይሄኛው የኛ ነው» አለ። አብዛኞቻችን ማዋለጃ ክፍል ነው የምንሠራው። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ስታቲስቲክስ ያስፈራኝ ነበር። ግን የተማርነው በአገራችን የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ነው፣ ስታታ የሚባል የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ላይ ከፍተን። ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 6 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 35 በመቶ ደርሰዋል። ቁጥሩን ራስ አስልቶ ማግኘት ከስላይድ ከማንበብ በጣም ይለያል።

ጣጣው ቴሲስ ላይ ነው። አማካሪ ይመደብልሻል፤ ስልክ ግን አያነሳም። እሱ ካልፈረመ ፕሮፖዛሉ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይሄድም። ኮሚቴው ካልፈቀደ ደግሞ አንዲት እናት እንኳ መጠየቅ አይቻልም። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ክፍያው ግን አልቆመም! ላይብረሪውንስ ተዉት።

ማታ ስንወጣ የታክሲው ሰልፍ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው።

ለመመዝገብ ካሰባችሁ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሰጠው ለዚሁ ፕሮግራምና ለዚሁ ካምፓስ መሆኑን አጣሩ። አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝም ሬጅስትራሩን ሳይሆን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቁ።