ለክፍያ ሶፍትዌር ሙከራ የሚሆን የባንክ ቅርንጫፍ ኮድ፦ የትኛው ምንጭ ይሻላል?

የናሙና ኮድ የሚገኝባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው፦ ኮድ የሚያመነጩ ድረ ገጾች፣ ፕሮግራም ውስጥ የሚገቡ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው የፕሮግራም ክፍሎች)፣ የክፍያ አቅራቢው የሚሰጣቸው የሙከራ ቁጥሮችና እውነተኛው የባንኮች ማውጫ። ምርጫውን የሚወስነው ሶፍትዌራችሁ ኮዱን የሚፈትሽበት መንገድ ነው። ቅርጹን ብቻ ያያል? የማረጋገጫ አሃዙን (ከሌሎቹ አሃዞች በስሌት የሚገኘውን፣ የአጻጻፍ ስህተት የሚያጋልጠውን አሃዝ) ያሰላል? ወይስ ኮዱ ማውጫ ውስጥ መኖሩን ይጠይቃል?

ድረ ገጾቹ ፈጣን ናቸው፣ ጥራታቸው ግን እጅግ ይለያያል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ባንኩን በሚለየው በአሜሪካው ባለ 9 አሃዝ የራውቲንግ ቁጥር ላይ ነው። አሃዞቹ በቅደም ተከተል በ3፣ በ7 እና በ1 እየተባዙ ሲደመሩ ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞችም ከ00–12፣ ከ21–32፣ ከ61–72 ወይም 80 መሆን አለባቸው። እንዲሁ በዘፈቀደ 9 አሃዝ ከሚደረድር ገጽ ከሚወጡት ቁጥሮች ውስጥ በአማካይ ከ10 ዘጠኙ በስሌቱ ብቻ ይወድቃሉ፤ ፕሮግራመሩም የሌለ ስህተት ከራሱ ሥራ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ለድረ ገጹ ከመክፈላችሁ በፊት 20 ቁጥር አውጥታችሁ አስሉ። አንዱ እንኳ ከወደቀ ተዉት።

የሕንዱ የቅርንጫፍ ኮድ፣ አይኤፍኤስሲ፣ ቀለል ይላል፦ 4 የባንክ ፊደላት፣ አምስተኛው ምንጊዜም ዜሮ፣ ከዚያ 6 የቅርንጫፍ ምልክቶች። ማረጋገጫ አሃዝ ስለሌለው ቅርጽ ለመፈተሽ ማንኛውም ደህና ገጽ ይበቃል። በዜሮው ቦታ ‹ኦ› ፊደል ያለበትን ኮድም ሞክሩ፤ ሶፍትዌሩ ሊጥለው ይገባል። የብሪታንያው ባለ 6 አሃዝ የቅርንጫፍ ኮድ (ሶርት ኮድ) ግን የሚረጋገጠው ከሂሳብ ቁጥሩ ጋር ተጣምሮ ነው። ሶርት ኮድ ብቻውን የሚሰጥ መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይረባም።

ለዕለት ተዕለት አውቶማቲክ ሙከራ የእኛ ምርጫ ላይብረሪ ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራው ፌከር ነጻ ነው፤ የራውቲንግ ቁጥርና አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥር) ከትክክለኛ ማረጋገጫ አሃዝ ጋር ያወጣል። ትልቁ ጥቅሙ የመነሻ ቁጥር (ሲድ) ከሰጣችሁት ያንኑ ዝርዝር ደግሞ ማውጣቱ ነው፤ ትናንት የወደቀውን ሙከራ ዛሬ በዚያው ኮድ መድገም ይቻላል። የተሳሳቱ ኮዶችን ግን ራሳችሁ አዘጋጁ። ከትክክለኛው የራውቲንግ ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ መቀየር ሁልጊዜ ይሠራል። ጎን ለጎን ያሉ አሃዞችን ማቀያየር ግን ልዩነታቸው 5 ከሆነ፣ ለምሳሌ 1 እና 6፣ በስሌቱ አይያዝም።

ክፍያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሄዱን ለማየት ከአቅራቢው የሙከራ ቁጥር ውጭ አማራጭ የለም። ስትራይፕ ለምሳሌ 110000000ን ይሰጣል (1×3 + 1×7 = 10)። ቁጥሮቹ ጥቂት ናቸው፣ ከሌላ አቅራቢ ጋርም ላይሠሩ ይችላሉ።

ኮዱ ማውጫ ውስጥ መኖሩን የሚጠይቅ ሶፍትዌር ካላችሁ እውነተኛ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ የአይኤፍኤስሲን ዝርዝር የሕንድ ሪዘርቭ ባንክ ራሱ ያወጣል። ቅርንጫፎች ስለሚዘጉና ስለሚዋሃዱ ዝርዝሩን በየጊዜው አድሱ። እውነተኛ ኮድ ከፈጠራ ሂሳብ ቁጥር ጋር አጣምራችሁ ወደ ቀጥታ ክፍያ ሊገናኝ በሚችል ሲስተም ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ ያ ሂሳብ የሰው ሊሆን ይችላል።

ከየትም ብታመጡት ኮዱን እንደ ጽሑፍ አስቀምጡት። በኤክሴል የተከፈተ ፋይል መነሻውን ዜሮ ይጥልና ባለ 9 አሃዙ ቁጥር ባለ 8 አሃዝ ሆኖ ይመጣል።