የደወሌ መንገድና የደቻቱ ድልድይ፦ ወጪውን ማን ይሸፍን?

ከድሬዳዋ በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ የሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የክፍያ መንገድ ነው። ሹፌሩ ኬላው ጋ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ተቀብሎ ይቀጥላል። እዚያ ላይ ክፍያው ልክ ነው እላለሁ። አስፋልቱን በዋናነት የሚጎዳው ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የሚመጣው ተሳቢ ነውና፣ ጥገናውንም እሱ ይሸፍን።

እርግጥ ባለመኪናው የከፈለውን ጭነቱ ላይ ይደምረዋል። ዞሮ ዞሮ ዘይትና ስኳር የሚገዛው ሰው ጋ ይደርሳል።

ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ታዲያ ከመጋላ ሰፈር ወንዙን ተሻግሮ ወደ ከዚራ ሰፈር በባጃጅ የሚሄድ ተማሪ ድልድዩ ላይ ኬላ ይጠብቀው? አቦ፣ ይሄ አይታሰብም! ጎርፉ ሲመጣ መኪና ያለውን ከሌለው አይለይም። ድልድዩም የጎርፍ መከላከያ ግንቡም ከግብር ይሠራ።

የመንግሥት በጀት ድክመቱ ጥገና ላይ ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሁሉም ይገኛል፤ ጉድጓድ የሚደፍን ግን ይጠፋል። ጉድጓዱ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ እየሰፋ ይሄዳል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ የተቋቋመውም ለጥገና ነው። ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ገንዘብ ይሰበስባል። ያለ ኬላ፣ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። ለድሬ የውስጥ መንገዶች የሚበጀው ይሄኛው ይመስለኛል፤ ብቻ ገንዘቡ ክረምት ሳይገባ ይድረስ።