ጥቁሯን ውሻዬን «ቡናማ ናት» ያለኝ ምርመራ፦ የአዳኝ ውሾች የጠጉር ቀለም ዲኤንኤ ምርመራ እንዴት አገኘሁት?

ከሁለት ጥቁር ላብራዶሮች ጥቁር፣ ቡናማና ቡላ ቡችሎች በአንድ ጊዜ ተወልደው ያየሁ ዕለት፣ የውሻ ጠጉር ከውስጥ ያለውን ሁሉ እንደማይናገር ገባኝ። ስለዚህ ሁለተኛውን ርቢ በግምት ላለመጀመር፣ የጥቁሯን እናት፣ የጥቁሩንና የቡላውን ወንድ፣ በኋላም ከቡላው የተወለዱትን አራት ቡችሎች ናሙና በፖስታ ተቀብሎ ለሚመረምር አንድ ላቦራቶሪ ላክሁ። ያዘዝኩት «ሙሉ የቀለም ምርመራ» የተባለውን ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ውሻ ሁለት ትንንሽ ብሩሾችና አንድ የወረቀት ፖስታ ይላካሉ፤ ብሩሹን በጉንጭና በድድ መካከል አሽከርክሮ ማሸት፣ አየር ላይ አድርቆ ወረቀቱ ውስጥ መክተት ብቻ ነው። እርጥብ ብሩሽ በፕላስቲክ ከታሸገ ስለሚሻግት ወረቀት መምረጣቸው ተገቢ ነው። ትልቁ ጉድለት መመሪያው ላይ ነው። የሚጠባ ቡችላ አፍ ውስጥ የእናቱ ወተት ስላለ፣ ከእናቱ ለተወሰነ ጊዜ ሳይለይ የተወሰደ ናሙና የእናቱንም ዲኤንኤ ይዞ ይሄዳል። ይህ ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያው ገጽ በጉልህ መጻፍ ሲገባው የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ፣ ከአድራሻው ሥር ነው። እኔም ሳላነበው ቀርቼ የሁለት ቡችሎች ናሙና «የተቀላቀለ» ተብሎ ተመለሰ። ድጋሚውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ መመርመራቸውን ግን ላመሰግን ይገባል።

ውጤቱን ለመገምገም ስለ ሁለት ዘረመሎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የውሻ ጠጉር ቀለም የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ሜላኒን ነው፤ አንደኛው ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ሁለተኛው ከቢጫ እስከ ቀይ የሚደርስ ነው። አርቢዎች «ኢ» የሚሉት ዘረመል ጥቁሩ ቀለም ወደ ጠጉሩ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ይወስናል፤ ከሁለቱም ወላጆች ድብቁን፣ ማለትም ብቻውን ሲሆን ሥራው የማይታየውን ቅጂ የወረሰ ውሻ ጠጉሩ ቡላ ይሆናል። «ቢ» የሚባለው ደግሞ ጥቁሩን ወደ ቡናማ ይለውጣል፤ እርሱም የሚለውጠው ሁለቱም ቅጂዎች ድብቅ ሲሆኑ ነው። ሁለቱንም ድብቅ ቅጂዎች በአንድ በአንድ የተሸከሙ ጥቁር ወላጆች ሲገናኙ፣ በአማካይ ከ16 ቡችሎች 9 ጥቁር፣ 3 ቡናማ፣ 4 ቡላ ይጠበቃሉ። አማካይ ነውና ስምንት ቡችላ የወለደች ውሻ ይህን ስሌት የማክበር ግዴታ የለባትም።

ምርመራው የከፈልኩበትን ያህል የጠቀመኝ በቡላው ወንድ ላይ ነው። ቡላ ውሻ ጠጉሩ ዝም ቢልም አፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ የ«ቢ»ን ነገር ይናገራሉ፤ ጥቁር አፍንጫ ካለው ጥቁር ቀለም መሥራት ይችላል፣ ቡናማ ከሆነ አይችልም። የእኔው ግን አፍንጫው በብርድ ወራት እየደበዘዘ ሮዝ ስለሚሆን በዓይን መፍረድ አስቸግሮኝ ነበር። ሪፖርቱ ሁለቱም የ«ቢ» ቅጂዎቹ ጤነኛ መሆናቸውንና ከማንኛዋም እናት ቡናማ ቡችላ እንደማይወልድ በማያሻማ ቃል ነገረኝ።

በጥቁሯ እናት ላይ ግን ጉዳዩ ተበላሸ። የ«ቢ» ዘረመል ቡናማ የሚያደርጉ ሦስት የተለመዱ ለውጦች አሉት፤ ላቦራቶሪው እያንዳንዱን ለየብቻ ያነባል። በእርሷ ላይ ከሦስቱ የሁለቱን ለውጦች አንድ አንድ ቅጂ አገኘና፣ አንድና አንድ ሁለት ነው ብሎ ደምሮ «ጠጉሯ ቡናማ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሳነብ እርሷ እግሬ ሥር ተኝታለች፤ ከአፍንጫዋ እስከ እግሯ መርገጫ ከሰል የመሰለች ጥቁር ናት። ለደንበኞች አገልግሎት ስጽፍ የመጣልኝ የመጀመሪያ መልስ «ናሙናዎቹን አቀያይረው ይሆናል» የሚል ነበር።

መፍትሔው ራሳቸው በላኩልኝ ወረቀት ላይ ነበር። ሁለቱ ለውጦች በተለያዩ ቅጂዎች ላይ ቢሆኑ ኖሮ እያንዳንዱ ቡችላ ከእናቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይወርስ ነበር። አባታቸው ከሦስቱም ነጻ ስለሆነ ነገሩ ከእናት ብቻ የመጣ ነው። የአራቱን ቡችሎች ሪፖርት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው ሁለቱ ቡችሎች ሁለቱንም ለውጦች ወርሰዋል፤ ሁለቱ አንዱንም አልወረሱም። እንግዲህ ለውጦቹ ተጎራብተው ያሉት በአንድ ቅጂ ላይ ነው፣ ሌላው ቅጂዋ ጤነኛ ነው፣ ጥቁርም የሆነችው ለዚህ ነው። ብርቅ ቢሆንም የሚታወቅ ሁኔታ ነው። ምርመራው ይህን መለየት አለመቻሉን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው እንደማይለይ በአንድ መስመር አለመጻፉን ነው።

የቀረው የ«ሙሉ ምርመራ» ክፍል ለላብራዶር ብዙም አይፈይድም። ጥቁሩ ቀለም እንዲያይል የሚያደርገው «ኬ» የተባለው ዘረመል በዚህ ዝርያ ውስጥ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ ለእርሱ መክፈል የታወቀውን መጠየቅ ነው። ጥቁሩንና ቡናማውን ወደ ዳልቻ የሚያፈዝዘውን «ዲ» መመርመር፣ ሻጭ ቡችላውን «ብርማ» እያለ የሚያቀርብለትን ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ በአንዳንድ ዝርያዎች እንዲህ የፈዘዘ ጠጉር ከመሳሳትና ከቆዳ ችግር ጋር ስለሚያያዝ መጠንቀቁ አይከፋም። አጭር ጠጉር ያለውን የጀርመን ጠቋሚ ውሻ የሚያራባ ሰው «ኢ»ን ይመርምር፤ የተደበቀው ቅጂ በዝርያው መለኪያ ተቀባይነት የሌለውን ቢጫ ቡችላ ሊያስወልደው ይችላልና። ዝንጉርጉር ጠጉር ያላቸውን እንደ ካታሁላ ያሉ አዳኞች ለሚያራባ ግን «ኤም» የተባለው ምርመራ የግድ ነው። ዝንጉርጉሩ የሚታየው በጥቁሩ ቀለም ላይ ብቻ ስለሆነ ቡላ ውሻ ሳይታወቅበት ሊሸከመው ይችላል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ደግሞ ሁለቱንም ቅጂ የወረሱት ቡችሎች ለደንቆሮነትና ለዓይን ጉድለት የተጋለጡ ናቸው።

ከሪፖርቱ ጋር የመጣው ማስታወቂያ «የተሻለ አዳኝ ለማግኘት በቀለም ይምረጡ» ይላል። ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ የቀለም ምርመራ ስለ ማሽተት ችሎታ፣ ስለ ተኩስ ድንጋጤም ሆነ ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ የሚለው ነገር የለም። እንዲያውም በ2018 በእንግሊዝ ላብራዶሮች ላይ የወጣ ጥናት የቡናማዎቹ ዕድሜ መካከለኛ አኃዝ 10.7 ዓመት፣ የሌሎቹ 12.1 ዓመት መሆኑን፣ የጆሮና የቆዳ ሕመምም በቡናማዎቹ እንደሚበዛ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ምክንያት ሊሆን ይችላል ያሉት ቀለሙን ራሱን ሳይሆን፣ አርቢዎች ቡናማ ለማግኘት ሲሉ ከጠባብ የዘር ሐረግ መምረጣቸውን ነው።

ላብራዶር ለሚያራባ ሰው ሙሉውን ትቶ «ቢ»ንና «ኢ»ን ብቻ እንዲያዝ እመክራለሁ። ሦስት ጊዜ ከጻፍኩ በኋላ የእናቲቱ ሪፖርት ታርሞ መጥቷል። የሁለቱ ቡችሎች ወረቀት ግን፣ አንዱ ጥቁር ሌላው ባለ ጥቁር አፍንጫ ቡላ ሆነው ሳለ፣ ዛሬም «ቡናማ» ይላል፤ ገዢ ሲመጣ ወረቀቱንና የቡችላውን አፍንጫ አጠገብ ለአጠገብ ማሳየት ልማዴ ሆኗል።