«ኦርዲናተር» ከየት መጣ? የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቴ

ሊዮን ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ኮርስ በጀመርኩበት ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ኦርዲናተር» ብሎ ጻፈ፤ ኮምፒውተር በፈረንሳይኛ ማለት ነው። እኔ «ኮምፒውተር»ን የሚመስል ነገር ነበር የጠበቅኩት። ማታ ቤት ገብቼ ቃሉን ፈለግኩ። ሲኤንአርቲኤል (CNRTL) የሚባለውን የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ይኸው እስካሁን ከስልኬ አልወጣም።

ነጻ ነው። ተመዝገቡ አይል፣ ማስታወቂያ አይረብሻችሁ። ቃሉን ጽፋችሁ «ኤቲሞሎዢ» የሚለውን ስትነኩ የቃሉ የዘር ሐረግ ይመጣል። ከውስጡ ዋናው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1994 በ16 ጥራዝ የታተመው ትልቅ መዝገበ ቃላት ነው።

«ኦርዲናተር» ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥርዓት የሚያስይዝ ማለት። በዚህ አላበቃሁም፣ ለማሽን እንዴት እንደዋለ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ፈረንሳይ ሰዎች ለአዲሱ ማሽናቸው ስም አጡ። ሥራው ከሂሳብ ያለፈ ስለሆነ «አስሊ» ማለቱ ጠበባቸው። የፓሪሱን ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የላቲን ፕሮፌሰር ዣክ ፔሬን ጠየቁ። እሳቸውም ኤፕሪል 16 ቀን በጻፉት ደብዳቤ «ኦርዲናተር» ቢባልስ አሉ። ቃሉ ሊትሬ በተባለው መዝገበ ቃላት ውስጥ ዓለምን ሥርዓት የሚያስይዝ አምላክ መገለጫ ሆኖ ይገኛል። እንከኑንም አልደበቁም፤ «ኦርዲናሲዮን» ሲባል ክህነት መቀበል ነው። ስለዚህ ከሃይማኖቱ ቃል እንዲርቅ እሳቸው የወደዱት በሴት ጾታ «ኦርዲናትሪስ ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን ነበር። ጸንቶ የቀረው ግን ወንዱ ነው።

ይህን ሳነብ ሠራዒ ካህን ትዝ አለኝ፣ ቅዳሴውን የሚመራው። «ሠራዒ» እና «ሥርዓት» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «ኦርዲናተር»ን ወደ ግዕዝ መልሱ ብባል ከዚህ የቀረበ አላገኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሰማሁትን ቃል ሊዮን ውስጥ በማሽን ስም ሳገኘው ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ማብራሪያው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ምህጻረ ቃል በየመስመሩ አለ። እኔም የመጀመሪያውን ወር ሌላ መዝገበ ቃላት አጠገቤ ከፍቼ ነው ያነበብኩት። ትልቁ መዝገብ በ1994 ስላበቃ ትናንት የተወለደ የኢንተርኔት ቃል እዚያ አትፈልጉ። ፈረንሳይኛ ማንበብ ለጀመረ፣ በተለይ ሙያ ለሚማር ሰው ግን ከልቤ እመክራለሁ። ከ«ኦርዲናተር» ቀጥሎ «ኢንፎርማቲክ»ን (የኮምፒውተር ሙያና ሳይንስ ማለት ነው) እዩ። ፊሊፕ ድሬይፉስ እ.ኤ.አ. በ1962 «ኢንፎርማሲዮን»ን ከ«ኦቶማቲክ» ጋር አጋብቶ ያወጣው ቃል ነው።