ስልክን ከመኪና ቴፕ ጋር ማገናኘት፦ ትራንስሚተር፣ ኦክስ ወይስ ሌላ?

ብር ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት መኪናችሁ ውስጥ ግቡና ቴፑን ደህና አድርጋችሁ እዩት። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው ትራንስሚተር፣ ማለትም የስልክን ድምፅ ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚልክ ትንሽ ዕቃ፣ የገዛሁት። ሁለት ወር ሙሉ ከጩኸት ጋር ከታገልኩ በኋላ አንድ የቴፕ ባለሙያ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍቶ "ይሄ ታዲያ ምንድነው?" አለኝ። የኢርፎን መሰኪያ የምታህል ክብ ቀዳዳ። ኦክስ ነበረች፣ የስልክ ድምፅ በገመድ ወደ ቴፑ የሚገባባት።

ኦክስ ካላችሁ ትራንስሚተር አትግዙ። ምርጫችሁ በሁለት ነገር መካከል ነው። አንደኛው ተራ ገመድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ድምፁም ከሁሉም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ስልካችሁ የኢርፎን ቀዳዳ ከሌለው ነው። አይፎን እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ አስቀርቶታል፣ ብዙ አንድሮይዶችም ተከትለውታል። ያኔ ሁለተኛው ይመጣል፦ ኦክሷ ላይ የሚሰካ ትንሽዬ የብሉቱዝ መቀበያ። ሬዲዮ ውስጥ ስለማይገባ የጣቢያ ሽሚያ የለበትም። አንድ ጣጣ ግን አለው። ከሲጋራ መለኮሻው ቻርጅ እያደረጋችሁ ስትጠቀሙበት፣ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ሊያመጣ ይችላል። ገመዱ መሀል የሚገባ ትንሽ የጩኸት ማጥፊያ አለ፣ እሱ ይገላግላችኋል። ወይም ባትሪ ያለውን ገዝታችሁ ቤት ቻርጅ አድርጉት።

የድሮ ዲኤክስ ያላችሁና ካሴት የሚበላ ቴፕ ያልነቀላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ገመድ ያለው የካሴት ቅርጽ አስማሚ ካገኛችሁ ከትራንስሚተር ይሻላችኋል። ሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው።

ሬዲዮ ብቻ ላለው ሰው ግን ትራንስሚተር ነው መፍትሔው። ዘፈኑን ከስልክ በብሉቱዝ ይቀበልና ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ በመረጣችሁት ቁጥር፣ እንደ ሚጢጢ የሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ይለቀዋል። ጉልበቱ ሆን ተብሎ አነስተኛ ነው የተደረገው። ስለዚህ ትልቅ ጣቢያ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይዋጣል። አዲስ አበባ ላይ 96.3፣ 97.1፣ 98.1፣ 102.1፣ 105.3 እያለ መንገዱ የተጨናነቀ ነው። ስትመርጡ ከማንኛውም ጣቢያ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 0.4 ያህል ራቁ። ወደ አዳማ ወይም ሐዋሳ ስትወጡ ያ ባዶ የነበረው ቁጥር በሌላ ጣቢያ ሊያዝ ስለሚችል መለዋወጫ ቁጥር ይኑራችሁ። በነገራችን ላይ አንድ ቀን መስቀል አደባባይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ የጎረቤት መኪና ስብከት በእኔ ቴፕ ገባ። እሱም የእኔን ዘፈን ሳይሰማ አልቀረም።

ከጃፓን የመጣ ቴፕ ያላችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ተነስቶ 90 ላይ ያበቃል፣ አዳዲሶቹ 95 ድረስ ይሄዳሉ። ቴፑ እንዳለ ከሆነ ትራንስሚተሩን ከ87.5 እስከ 90 (በአዳዲሶቹ እስከ 95) ባለው ውስጥ ብቻ ነው መጠቀም የምትችሉት። ኤክስፓንደር፣ ማለትም የእኛን ጣቢያዎች ወደ ጃፓኑ ቁጥር ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ፣ ከተገጠመለት ደግሞ ቁጥሮቹ አይገጥሙም። ዘዴው ቀላል ነው። ሸገር 102.1 ቴፓችሁ ላይ በስንት እንደሚመጣ እዩ። በ88.1 ከመጣ ልዩነቱ 14 ነው። ትራንስሚተሩን 101 ላይ ካደረጋችሁት ቴፑን 87 ላይ አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ "ዕቃው አይሠራም" ብሎ ይመልሳል።

የትራንስሚተሩን ቅርጽ በተመለከተ፣ መለኮሻው ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጠው አጭሩ ከኮብልስቶን ጋር ይስማማል። አንገት ያለው ረጅሙ ስክሪኑ ለዓይን ይመቻል፣ ስልክ የምታወሩበት ማይኩም ወደ አፍ ይቀርባል። ግን መለኮሻችሁ የላላ ከሆነ በየጉድጓዱ ይወዛወዝና ዘፈኑን እየቆረጠ ያናድዳችኋል። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ። ስልክ ብዙ የሚያወራ ሰው ረጅሙን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው "ብሉቱዝ 5.3" አያጓጓችሁ። ኤፍ ኤም ራሱ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የብሉቱዙ ቁጥር ማደጉ ለጆሮ ብዙ አይጨምርም። ይልቅ ስልክ የሚሞላበትን የቻርጀሩን ቁጥር አንብቡ። ቀኑን ሙሉ ማፕ ከፍቶ ለሚሠራ የራይድ ሹፌር 5 ቮልት 1 አምፔር አይበቃም፤ ስልኩ እየተሰካም ይሞትበታል። አይሱዙ የምትነዱ ደግሞ "12-24 ቮልት" የሚል መኖሩን ሳታረጋግጡ አትሰኩ። ትራንስሚተሩ ላይ የሰካችሁትን የዘፈን ፍላሽ ካላነበበላችሁ ኮምፒውተር ላይ ፋት32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጉት፤ አብዛኞቹ ከ32 ጊጋባይት በላይም አይወዱም።

ቴፑን ጭራሽ በአንድሮይድ ስክሪን መቀየርስ? መኪናውን ለዓመታት የምትይዙት ከሆነ አዎ። በቅርቡ ልትሸጡት ካሰባችሁ ግን ወጪው አይመለስላችሁም። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብሉቱዝ ይዘው ስለሚመጡ ይህ ሁሉ ጣጣ የእኛ የአሮጌዎቹ ባለቤቶች ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ ጠዋት የሰማችሁት ከሰዓት ይቀየራል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ስትገዙ ግን መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ፣ ሞተር አስነስታችሁ፣ ዘፈን አቁማችሁ ባዶውን አዳምጡት። ከዚያ ለሰው ደውሉና ድምፃችሁ እንዴት እንደሚሰማ ጠይቁ። ሻጩ "መኪና ላይ አይሞከርም" ካለ፣ አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ።