ማዘዣቸው ለሚነበብ ሐኪም ምስጋና፤ የቆየ የወገብና የእግር ህመም ላለባችሁም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው መድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን። የምናመሰግናቸው የነርቭ ሐኪም ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አንጠራቸውም። እንደ እሳቸው ያለ ሐኪም በምን እንደሚለይ ግን ከሦስት ወር በላይ የቆየ ህመም ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለሚዞር ሁሉ ይጠቅማል።

እኛ ሐኪምን የምናውቀው በማዘዣው ነው። እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ወረቀት ዳይክሎፌናክ የሚባል የማስታገሻ መርፌ፣ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድና ቫይታሚን ቢ ነው። ሁለት ቀን ሻል ይለዋል፣ በሦስተኛው ያው ነው። ዳይክሎፌናክ ሲደጋገም ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ለነርቭ ህመም ደግሞ እምብዛም አይረዳም። ዴክሳሜታዞን የስኳር ህመምተኛን ስኳር ሽቅብ ይወስደዋል።

የእኚህ ሐኪም ወረቀት ሌላ ነው። በስኳር ምክንያት ማታ ማታ እግሩ ለሚቃጠል ሰው አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የነርቭ ህመም መድኃኒት ሲያዙ ከባለ 25 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሹን፣ ከመኝታ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሙሉውን ብለው ይጽፋሉ። ከሥሩ በአማርኛ፦ «አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። ለውጡ የሚመጣው በሳምንታት ነው፤ በሦስተኛው ቀን እንዳታቆም።» ይህቺ መስመር ስንት ሰው አድናለች። «አልሠራልኝም» ብሎ ወደ እኛ የሚመለሰው አብዛኛው ሰው ወይ በመጀመሪያው ሳምንት አቁሞታል፣ ወይ በመነሻው መጠን ላይ ተትቶ ቀርቷል። የልብ ችግር ላለበት አስቀድመው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ያሠራሉ። ፕሮስቴቱ ላደገና ሽንት ለሚያስቸግረው ይህን መድኃኒት ትተው ጋባፔንቲን የሚባለውን ሌላ የነርቭ ህመም መድኃኒት ይመርጣሉ፤ እሱንም የሚያዙት የኩላሊት ምርመራ ካዩ በኋላ ነው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበትና።

ማስታገሻ ከመጻፋቸው በፊት ደግሞ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው አይሶናያዚድም ቫይታሚን ቢ6 አብሮት ካልተሰጠ እግር ያቃጥላል። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው የሚታከሙ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ሲያልፉ ማየት ነው የሚያናድደው።

ታካሚዎቻቸው ሁሉ የሚያወሩት ግን ስለ ምርመራቸው ነው። ጫማና ካልሲ ይወልቃል። በተረከዝ ተራመድ ይላሉ፤ ያልቻለ የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በእግር ጣት ተራመድ ይላሉ፤ ይህ የሚፈትነው ከሱ ዝቅ ብሎ የሚወጣውን ነርቭ ነው። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን እሳቸው ያነሱለታል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ህመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ መነካቱን ይጠረጥራሉ፤ ወገብ ላይ ብቻ ወይም ከጭን ኋላ ቢወጥር ያን ያህል ትርጉም አይሰጡትም። የነርቭ ምላሽና ስሜት የሚፈትሹባቸው መዶሻዋና መርፌዋ የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው። ልብስ ሳያስወልቅ፣ እጁን ሳያሳርፍ ቀጥታ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) የሚጽፍ ሐኪም ካጋጠማችሁ፣ ስፔሻሊስትም ቢሆን፣ ሌላ ሐኪም ብታዩ ይሻላል።

ኤምአርአይ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ግን በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ ምንም ህመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ሲያይ፣ የ20 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 30 ከመቶ፣ የ80 ዓመት ካላቸው 84 ከመቶ የሚሆኑት ላይ ያበጠ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) አግኝቷል። ስለዚህ «ዲስክ አለብህ» የሚል ወረቀት ብቻውን ለምን እንደሚያም አይናገርም፤ በአካል ምርመራ ከተገኘው ጋር በአንድ ጎንና በአንድ ነርቭ ሲገጥም ነው ዋጋ ያለው። እኚህ ሐኪም ምስሉን ራሱን በሲዲ ያያሉ፣ በሪፖርቱ ብቻ አይሄዱም።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል የሚያስልኩ ምልክቶች ግን እነዚህ ናቸው፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ሲደነዝዝ፣ እግር እየሰነፈ ሲሄድ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ህመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ቲቢን ያስባሉ፤ ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ደግሞ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታ። እንዲህ ያለውን ሰው ወጌሻ ጋ ማሳሸት አደገኛ ነው።

ታካሚ የሚልኩላት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ምስጋናችን ይድረሳት። ሙቀት ለጥፋ ብቻ አትሸኝም፤ እንቅስቃሴውን ታሳያለች፣ ታሠራለች፣ ቤት የሚሠራውን ጽፋ ትሰጣለች።

ጉድለታቸውንም እንናገር፦ ቀጠሯቸው ይርቃል፣ የመጀመሪያው ቀን ምርመራም ረጅም ስለሆነ ወረፋው ያሰለቻል። ደግሞ ህመሙ ሁሉ የእሳቸው አይደለም። ጠዋት ሲነሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትርና ሲንቀሳቀሱ የሚፍታታ ከሆነ፣ በተለይ ከ45 ዓመት በታች፣ የመገጣጠሚያ ህመም ሐኪም ጠይቁ። ዳሌና ጉልበት ከሆነ አጥንት ሐኪም ይቅደም።

በማህበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ሪፈር ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀምረው፤ ወረቀቱ ላይ ህመሙ የቆየበት ጊዜና እስካሁን የተሞከረው መድኃኒት ከነመጠኑ እንዲጻፍ ጠይቁ፣ «የወገብ ህመም» ተብሎ ብቻ ከተላከ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ከቀጠሮው በፊት ለሁለት ሳምንት ህመሙን ከ0 እስከ 10 እየሰጣችሁ፣ እንቅልፋችሁንና ያባሰውን ነገር አንድ አንድ መስመር መዝግቡ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውንም የባህል መድኃኒቱንም፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ካለበት አትደብቁ፤ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ የሚጥል ነገር ሊያስነሳ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ስትወስዱት ከነበረም በአንድ ቀን አይቆምም፣ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪማችሁ ይጽፍላችኋል።