በሳቢያን ቤታችን ሶላሩን በሥርዓት ለገጠመልን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስጋና

በድሬዳዋ ሳቢያን በሚገኘው ቤታችን የሶላር ፓነል፣ ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ የሚቀይር መሣሪያ) እና ባትሪ ገጥሞ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ላስማማልን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ።

ፓነሉ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡን አስቀምጦ ስለ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ከመብራት ኃይል ወደ ኢንቨርተር ስለሚቀይረው ማዞሪያ፣ አስረዳን። በሁለቱም ጫፉ ስፒና በታሰረበት ገመድ ኃይሉን በግድግዳ ሶኬት መልሶ ማስገባትን፣ ርካሽ ቢሆንም፣ «እኔ አልሠራውም» ሲል ቁርጡን ነገረን። መብራት በጠፋ ሰዓት ዋናው ብሬከር ሳይዘጋ ከቀረ፣ ከቤት የሚነሣው 220 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ወደ ምሰሶው ይሄዳል፤ 15,000 ቮልቱን ለእኛ ዝቅ የሚያደርገው የሰፈር ትራንስፎርመርም ከታች የመጣለትን ኃይል መልሶ ወደዚያው ከፍታ ያሳድገዋል። መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ሊጠግን የወጣው ሠራተኛ ሕይወቱን የሚያጣው በዚህ ነው፤ ያ ሠራተኛ ደግሞ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው።

የገጠመልን ማዞሪያ በአንድ በኩል መብራት ኃይል፣ በሌላው ኢንቨርተር፣ በመካከሉ ዜሮ (ሁለቱም የሚቋረጡበት ቦታ) ያለው ሲሆን፣ አንዱ ምንጭ ሳይላቀቅ ሌላው እንዳይያዝ ሆኖ የተሠራና ከፌዙ (ኃይል ተሸካሚው ሽቦ) ጋር ኒውትራሉንም (የመመለሻውን ሽቦ) አብሮ የሚቆርጥ ነው። የቤት ውስጥ ዝርጋታን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 60364 ተጠባባቂ ምንጭ ከሕዝብ መስመር ጋር እንዳይገናኝ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖር እንደሚጠይቅም አብራርቶልናል።

የእንጀራ ምጣዱንና የውኃ ማሞቂያውን በመብራት ኃይል ላይ ብቻ ትቶ፣ ፍሪጁን፣ አምፖሎቹንና ቬንትሌተሮቹን ለብቻቸው ወደ ኢንቨርተሩ አዞራቸው። ባትሪውን ከድሬ ሙቀት ጠብቆ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አኖረው። ከፓነሉ በሚመጣው መስመር ላይ ደግሞ የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኃይል) ብሬከር ካልተገዛ አልቀጥልም አለ። ተራው የኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ኃይል) ብሬከር የተሠራው በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ የሚደርሰውን የ50 ኸርዝ ኃይል ለመቁረጥ ስለሆነ፣ ያለማቋረጥ የሚፈሰውን የዲሲ ብልጭታ ላያጠፋው ይችላል፤ ይህም ለእሳት በር ይከፍታል። ወጪው ቢጨምርም፣ በእኔ እምነት በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ፈጽሞ አይገባም።

ሲጨርስ ኢንቨርተሩን እያሠራ በቆጣሪው በኩል በመልቲሜትር ለክቶ ምንም ኃይል ወደ ውጭ እንደማይወጣ በዓይናችን አሳየን፤ የማዞሪያውን አቅጣጫዎችም በአማርኛ ጽፎ ለጠፈልን። በድሬዳዋና በሐረር ሶላር ወይም ጄኔሬተር ልታስገቡ ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ባለሙያ ያለ ስጋት እንድታሠሩት እጠቁማለሁ። ስልኩን በእርሱ ፈቃድ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።